ከጣና ዳር እስከ ጉና፦ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ተባይን ምን ያህል እንደሚቀንሱ የለካሁበት መንገድ

የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች እርሻ የከበባቸው ደሴቶች ናቸው። ከጣና ዳር፣ ከ1,800 ሜትር ገደማ ጀምረው ወደ ጉና ተራራ እየወጡ ስለሚገኙ የደን ስፋትና የቦታ ከፍታ በተባይ ጠላቶች፣ ማለትም ተባይን በሚበሉ ወይም በሚገድሉ ፍጥረታት ላይ ያላቸውን ድርሻ ለየብቻ ለማየት ይመቻሉ። ይህ የሚሆነው ግን በየከፍታው ትልቅም ትንሽም ደን ከተመረጠ ነው። ትልልቆቹ ከደጋ፣ ትንንሾቹ ከወይና ደጋ ብቻ ከተወሰዱ ልዩነቱን ያመጣው ስፋቱ ይሁን ብርዱ መለየት አይቻልም። ስለዚህ በሦስት የከፍታ እርከን ሁለት ሁለት ትልልቅና ትንንሽ፣ በድምሩ 12 ደኖች ያዝኩ። የደብሩን አስተዳዳሪና የማሳውን ባለቤት ማስፈቀድ ይቀድማል፤ መድኃኒት የሚረጭበት ማሳ አይሆንም።

መፈተኛው የሐበሻ ጎመን ነው። አንድ ዓይነት ዘርና አፈር በአምስት ሊትር ባልዲ፤ ከደኑ ጠርዝ 10፣ 50 እና 200 ሜትር ላይ ሦስት ሦስት ባልዲ። አንዱ ክፍት ነው፤ ሁለተኛው ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ መረብ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል፤ ሦስተኛው ከላይ መረብ ኖሮት ጎኑ ክፍት ይሆናል። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ሦስተኛውን ነው። መረብ ጥላ ይሰጣል፣ ክሽክሹን (የጎመኑን ጭማቂ የሚመጠውን ትንሽ ተባይ) አጥቦ የሚጥለውን ዝናብም ይከላከላል። ያለ ሦስተኛው ባልዲ የመረቡ ውለታ ለተባይ ጠላቶች ይቆጠራል።

በየጎመኑ 20 ክንፍ አልባ ክሽክሽ በቀጭን ብሩሽ አስቀምጣለሁ። ክሽክሹ ተዘግቶ የተራባ መሆን አለበት፤ ከማሳ የተለቀመ ጥገኛ ተርብ (ክሽክሽ ውስጥ አድጎ የሚገድለው ትንሽ ነፍሳት) በውስጡ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የመረቡ ጫፍ በላስቲክ ከባልዲው ጋር ይታሰራል፤ የባልዲው የውኃ መውጫ ቀዳዳም በመረብ ይደፈናል፤ አለዚያ ጉንዳን በሥር ይገባል። ለከብት እሾህ አጥር ያስፈልጋል፣ ለሦስቱም እኩል።

በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ10ኛው ቀን የቅጠሉን ጀርባ ጭምር እቆጥራለሁ። ተርብ የገባበት ክሽክሽ አብጦ፣ ቆዳው ደርቆ ወርቃማ ቡኒ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ይጣበቃል፤ ተርቡ ሲወጣ ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ይቀራል። በደጋ ይህ ምልክት ዘግይቶ ስለሚታይ እዚያ ተክሉን ተጨማሪ ቀናት አቆየዋለሁ።

ዋናው ጥንቃቄ ንጽጽሩ ላይ ነው። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ ክሽክሽም ከላይ ቀስ ብሎ ይራባል። ስለዚህ በክፍቱ ባልዲ ክሽክሽ አነሰ ማለት ተበላ ማለት አይደለም። የተሸፈነውን ቁጥር በዚያው ቦታ ጎኑ ክፍት ለሆነው ለሦስተኛው ባልዲ ቁጥር አካፍዬ ውጤቱን ብቻ ከደን ደን አነጻጽራለሁ። በስሌቱም ናሙናው 12 ደን ነው፤ 108ቱን ባልዲዎች እንደ 108 ናሙና መቁጠር የሌለ እርግጠኝነት ይፈጥራል።