ጥላ በጠፋበት ቀን አራት ኪሎ

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው መንቀጥቀጥ የቡና ሲኒዎቼን አንኳኳቸው። ወርዶ ከጎረቤት ጋር መቆሙ አለፈ፤ አንድ ጥያቄ ግን ወራት ሙሉ አብሮኝ ከረመ፦ ከየት እንደመጣ በምን ያውቁታል?

መልሱ ለቤቴ ቅርብ ነበር፤ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ያለው፣ የመሬትን መንቀጥቀጥና ማግኔት የሚከታተለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር፣ በካናዳዊው ካህን በአባ ፒየር ጉዌን መሪነት ተቋቋመ። አዲስ አበባ ለመሬት ማግኔታዊ ወገብ፣ ማለትም የምድር ማግኔት ጉልበት አግድም ለሚሆንበት መስመር ቅርብ ናት፤ በዚያ መስመር ቀን ቀን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት እዚህ ካለ ማግኔት መለኪያ አያመልጥም። ይህን የሚያህል ቅርስ አጠገቤ እያለ ሳላውቀው መኖሬ ቆጨኝ።

መጀመሪያ ሳላስፈቅድ ሄጄ ከበር ተመለስኩ። በሁለተኛው ምን ማወቅ እንደምፈልግ ጽፌ፣ በስልክ ቀን አስይዤ፣ ዓርብ ሚያዝያ 3 ገባሁ። ቴሌስኮፕ ለማየት ያሰበ ግን ወደ እንጦጦ ይውጣ፤ ባለ አንድ ሜትሮቹ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት እዚያ ነው።

ያስጎበኙኝ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው። «መንቀጥቀጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል» አሉኝ። «ፈጣኑ ሞገድ ቀድሞ ይነካሃል፣ ዘገምተኛው ተከትሎ ያወዛውዝሃል። በመካከል ያለውን ሰከንድ ቁጠርና በስምንት አባዛው፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛለህ።»
«አቅጣጫውስ ጋሼ?»
«ለእሱ ቢያንስ ሦስት ጣቢያ ያስፈልጋል።»

ስወጣ 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ግቢው መሐል ቆሜ ቁልቁል ባይ ጥላዬ ከጫማዬ ሥር ገብቷል። በእኛ ከተማ ፀሐይ ቀጥ ብላ ከአናት የምትቆመው በዓመት ሁለቴ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ነው። እኩለ ቀናችን ከሰዓታችን 25 ደቂቃ ያህል የሚዘገየውም ሰዓቱ የተቀመረው ከእኛ በስተ ምሥራቅ ባለ የኬንትሮስ መስመር ስለሆነ ነው። ይህን ለማየት ፈቃድም መሣሪያም አያስፈልግም።

ጾም ስለነበር እስከ 9 ሰዓት ቆይቼ በየዓይነቱ በላሁ። የሱፍ ፍትፍቱ ብቻውን ያስመሰግናል።

ከዚያ በታክሲ ሽሮ ሜዳ። ነጠላ ስትገዙ ጥለቱን ገልብጡት፤ አብሮ የተሸመነና በኋላ የተጠለፈ በጀርባው ይለያል። እኔ ለእናቴ የመረጥኩትን የሸመነው ሰው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ እንዳደረገ ሥራ ላይ ነበር። ከየት እንደመጣሁ ስነግረው መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«ያን ማታ እዚሁ ነበርኩ። መጀመሪያ ድሩ ንዝር አለ፤ ቆይቶ ነው ቤቱ የተወዛወዘው።»

«ስንት ያህል ቆይቶ?»

ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ የእንጨቱን ጠርዝ እየመታ መቁጠር ጀመረ። አሥራ አምስት ላይ ቆመ። በስምንት አባዝተን ተያየን፤ 120 ኪሎ ሜትር። ፈንታሌ እዚያው አካባቢ ነው።