ነዳጅ ሳያቃጥል የዞረው የጠፈር ጣቢያና ከበስተጀርባው ያለው ስሌት

ስለ ኦፕቲማል ኮንትሮል፣ ማለትም አንድን ሥርዓት ከሁሉ በተሻለው መንገድ (ለምሳሌ በትንሹ ነዳጅ) ስለ መምራት ሂሳብ፣ ስጠየቅ አዘውትሬ የማነሳው ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2006 ጣቢያው 90 ዲግሪ፣ ማርች 3 ቀን 2007 ደግሞ 180 ዲግሪ ሲዞር የግፊት ሞተሮቹ አልተነሡም፤ ያዞሩት ጋይሮስኮፖቹ፣ ማለትም በፍጥነት የሚሽከረከሩት ከባድ ጎማዎቹ፣ ናቸው። እነዚህ ጋይሮስኮፖች የሚሸከሙት የሽክርክሪት መጠን ገደብ ስላለው፣ በአንድ ቋሚ ዘንግ ዙሪያ በአጭሩ ለመዞር ሲሞከር ገደቡ ላይ ይደርሱና ሞተሮቹ ነዳጅ አቃጥለው ማገዝ ግድ ይሆንባቸዋል። በአሜሪካው የምርምር ተቋም በድሬፐር ላቦራቶሪ የተነደፈው መንገድ ግን ጠመዝማዛና ረጅም ሲሆን፣ የምድር ስበትና ስስ አየር በጣቢያው ላይ የሚያሳድሩትን ጫና ከመታገል ይልቅ ይጠቀምበታል።

እንዲህ ያለውን መንገድ የሚያገኘው ስሌት ነው። ችግሩ የምንፈልገው አንድ ቁጥር ሳይሆን በየቅጽበቱ ምን ትእዛዝ እንደሚሰጥ የሚናገር፣ በጊዜ ውስጥ የሚለዋወጥ ሙሉ ፈንክሽን መሆኑ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው የፖንትሪያጊን የማክሲመም መርህ ምርጡ መፍትሔ የግድ ሊያሟላው የሚገባውን ሁኔታ ይነግረናል፤ ሆኖም በእርሱ በቀጥታ ለማስላት ኮስቴት የተባሉትን አጋዥ ተለዋዋጮች መነሻ ዋጋ መገመት ያስፈልጋል፤ በግምቱ ላይ ያለች ኢምንት ስሕተትም መጨረሻው ላይ እጅግ ገዝፋ ትገኛለች። ጊዜውን ከፋፍሎ በየክፍሉ መገመት ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም።

ስለዚህ እኔ የማዘነብለው ወደ ቀጥተኛው ዘዴ ነው። ጊዜው በነጥቦች ይከፈላል፣ በየነጥቡ ያለው የጣቢያው ሁኔታ (አቅጣጫውና የመዞር ፍጥነቱ) እና ትእዛዝ ያልታወቀ ቁጥር ይሆናል፣ የእንቅስቃሴው ዲፈረንሻል እኩልታ ደግሞ ቁጥሮቹ ሊያከብሩት ወደሚገባ የአልጀብራ ገደብ ይለወጣል። ለጣቢያው የተመረጠው ስዩዶስፔክትራል ዘዴ መፍትሔውን በፖሊኖሚያል የሚወክል ሲሆን፣ ነጥቦቹን በእኩል ርቀት አይዘረጋም፤ በሁለቱ ጫፎች አካባቢ ያጠጋጋቸዋል፤ ምክንያቱም ባለ ከፍተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል በእኩል ርቀት በተቀመጡ ነጥቦች ላይ ሲያልፍ ጫፎቹ ላይ ክፉኛ ሊወዛወዝ ይችላል።

ፕሮግራሙ «መፍትሔ ተገኝቷል» ማለቱ ብቻውን ግን አያሳምነኝም። በመጀመሪያ የተገኘውን ትእዛዝ ወስጄ እኩልታውን በሌላ ዘዴ፣ ለምሳሌ እኩልታን ደረጃ በደረጃ በሚያሰላው በሩንጌ-ኩታ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው አስኬደውና ውጤቱ መግጠሙን አያለሁ። ቀጥሎ ፖንትሪያጊን በዳኝነት ይመለሳል፦ ስሌቱ ከገደቦቹ ጋር አብሮ የሚሰጣቸው የላግራንዥ ማባዣዎች (እያንዳንዱ ገደብ ውጤቱን ምን ያህል እንደሚጫነው የሚለኩ ቁጥሮች) በአግባቡ ሲመዘኑ ኮስቴቶቹን ስለሚሰጡን ያለ ግምት ሃሚልቶኒያኑን፣ ማለትም ወጪውን (እንዲያንስ የምንፈልገውን መጠን)፣ እንቅስቃሴውንና ኮስቴቶቹን በአንድ የሚያዋህደውን መጠን፣ ማስላት ይቻላል፤ እኩልታዎቹና ወጪው በሰዓት ላይ በቀጥታ የማይመሠረቱ ከሆነም የሃሚልቶኒያኑ ዋጋ ከመነሻ እስከ መድረሻ ቋሚ መሆን አለበት። ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚዘል ከሆነ ነጥቦቹን አብዝቼ እንደገና አሰላለሁ።