«ቢያንስ» የምትለዋ ቃል የጣለችኝ ፈተና

የማታ ትምህርት ስጀምር አልጀብራው አላስፈራኝም። ያልታወቀውን ቁጥር በፊደል መተካት፣ በሁለቱም ወገን እኩል መደመርና መቀነስ፣ ይሄን በአንድ ሳምንት ያዝኩት። የጣለኝ ጥያቄው የተጻፈበት አማርኛ ነው። አፌን የፈታሁበት አማርኛ!

መምህራችን ሰሌዳ ላይ የቃላት ዝርዝር ጻፉልን። ማነስ ካለ <፣ መብለጥ ካለ >፣ እኩልም ከሆነ ከሥሩ ሰረዝ ጨምሩበት። ሸምድዱ ተባልን፤ ሸመደድኩ።

ፈተናው ላይ እንዲህ የሚል መጣ። አንዲት ሴት 500 ብር አላት። በየቀኑ ለትራንስፖርት 30 ብር ታወጣለች። እጇ ላይ ቢያንስ 140 ብር መቅረት አለበት። ለስንት ቀን መመላለስ ትችላለች? የቀኑን ብዛት «ቀ» አልኩና 500 − 30ቀ ≤ 140 ብዬ ጻፍኩ። «ቢያንስ» ውስጥ ማነስ አለ፣ ዝርዝሩም እንደዚያ ይላል። «ቢበዛ» የሚሉትን ደግሞ በተቃራኒው ≥ አደረግኳቸው። ሁሉም ተሳሳቱ።

ወረቀቱ በቀይ ኤክስ ተሞልቶ ተመለሰልኝ። አንድ ቃል ማብራሪያ የለውም። ሄጄ ስጠይቅ «ዝርዝሩን በደንብ አጥኚ» ተባልኩ። እስካሁን ያናድደኛል። ያሳሳተኝ እኮ ዝርዝሩ ነው! ግን እዚያው ቆሜ አለመከራከሬም ይቆጨኛል።

የገባኝ ቤት ነው። እናቴ «ስትመለሺ ቢያንስ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ሦስት ኪሎ ይዤ ብገባ ትመርቀኛለች። አንድ ኪሎ ከሆነ ግን መቆጣቷ አይቀርም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ማለት ሁለትና ከዚያ በላይ ነው፤ ምልክቱ ≥ ነው። ይሄንን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ወረቀት ላይ ስሆን ነው የጠፋብኝ።

ስለዚህ ዝርዝር አትሸምድዱ። ቁጥር ወስዳችሁ «ይሄ ይፈቀዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። እጇ ላይ 150 ብር ቢቀር ይፈቀዳል፣ 130 ግን አይፈቀድም። ምልክቱ ራሱ ይመጣል። ጥያቄውን ስታነቡ አንዲት ፊደል እንኳ አትለፉ። «ቁጥሩ ከ5 ያንሳል» ሲባል ቀ < 5 ነው። «ከቁጥሩ በ5 ያነሰ» ሲባል ግን ቀ − 5 ነው፤ የማነስም የመብለጥም ምልክት የለውም።

አፈታቱ ላይም ከመምህሩ ጋር አልስማማም። ፊደሉ በግራ ይሁን፣ በኔጌቲቭ ስታካፍሉ ምልክቱን ገልብጡ ይላሉ። ትክክል ነው፣ ግን ሰዓት ሲያጥር ይረሳል። የሴትዮዋ ጥያቄ በትክክል ሲጻፍ 500 − 30ቀ ≥ 140 ነው። እኔ «30ቀ» የሚለውን ወደ ቀኝ፣ 140ን ወደ ግራ እወስዳለሁ። 360 ≥ 30ቀ፣ ከዚያ 12 ≥ ቀ። የሚገለበጥ ነገር የለም። ከዚያ እሞክረዋለሁ። በ12 ቀን 140 ብር ይቀራታል፣ በ13 ቀን 110 ብቻ።

በሚቀጥለው ፈተና በየጥያቄው ዳር እንደዚህ ሁለት ሁለት ቁጥር እየሞከርኩ ጻፍኩ። ሁሉንም አገኘኋቸው። መምህሩ ግን ዳር ላይ ያሉትን ቁጥሮች ከብበው «አያስፈልግም» ብለው ጽፈውበታል።

ያስፈልጋል።