ያልተከፈተው ሃይላንድ

የምሠራው በአስጎብኚነት ነው። ወደ ዳናኪል የሚወርዱ ቡድኖችን ከጉዞው በፊት አንድ ቀን የረር ተራራ ላይ እናስኬዳቸዋለን። የረር ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ ሲኬድ በስተግራ የሚታየው ነው፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ማን ቶሎ እንደሚደክም፣ የማን ጫማ እግር እንደሚልጥ እዚሁ ከተማው አፍንጫ ስር ቢታወቅ ይሻላል። አማካይ ሙቀቱ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 34.6 ዲግሪ ሆኖ የተመዘገበው ዳሎል ላይ ቆሞ ማወቅ ግን ጣጣ ነው።

አንድ ጊዜ የመጡት ከአውሮፓ ለእረፍት የገቡ የእኛው ሰዎች ነበሩ። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ፋሲካ አልደረሰም። ቁርስ፣ ቡና፣ ፎቶ ሲባል እግራችን ዳገቱን የነካው ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። «አዲስ አበባ ደግሞ ምን ሙቀት አላት!» እያሉ ይስቃሉ።

እውነት ነው፣ አየሩ አያቃጥልም። ፀሐዩ ግን ሌላ ነገር ነው። በሚያዝያ መጀመሪያ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ቀጥ ትላለች፤ ጥላህ እግርህ ስር ይገባል። ከፍታው ሲጨምር ጨረሩም ይበረታል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብህ ሳታየው ይተናል፤ ስንት ውሃ እንዳጣህ አታውቀውም። ከብርድ አገር የመጣ ሰውነት ደግሞ ሙቀት ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እነዚህ ሻንጣቸውን እንኳ በቅጡ አልፈቱም።

ዋናው አስጎብኚ በየእረፍቱ «ደህና ናችሁ?» ይላል። «ደህና ነን!» ይላሉ። እኛ አገር ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛም ሰው ሲጠየቅ ደህና ነኝ ነው የሚለው።

ሾፌራችን ጋሼ እግሬን ላፍታታ ብለው አብረውን ወጥተው ነበር። ጠጋ አሉና፣ «ያቺን ልጅ አየሃት? ሃይላንዷ አልተከፈተም» አሉኝ።

ልጅ ያሏት አርባውን ያለፈች ሴት ናት። ጠዋት መኪና ውስጥ ሁላችንንም በሳቅ ስትገድለን ነበር፤ አሁን ጸጥ ብላለች። ጥቁር ወፍራም ጃኬቷን አላወለቀችም። ቦርሳዋ ጎን ያለውን ውሃ አየሁት። የክዳኑ ቀለበት እንዳለ ነው፣ አልተበጠሰም።

«እህቴ፣ ውሃ አልጠጣሽም እኮ» አሏት።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ጋሼ። ደህና ነኝ።»

ይህን ብላ አንድ እርምጃ ስትራመድ እግሯ ከዳት። ይዘን አስቀመጥናት። ፊቷ ነጭ ሆኗል፣ አንገቷ በላብ ርሷል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል።

ጋሼ ደህና ነሽ ወይ አላሏትም። «ያ ታች የሚታየው ከተማ ማን ይባላል?» አሏት።

«ዱከም... አክስቴ ቤት እዚያ ነው።»

መልሱ ዘገየ እንጂ ልክ ነው። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ብትቀባጥር ወይም የት እንዳለች ቢጠፋባት ኖሮ ነገሩ ድካም ሳይሆን አንጎል ላይ የደረሰ የሙቀት ምት ነው፤ ያኔ ውሃ እያፈሰሱባት ሆስፒታል መሮጥ ነው። ጃኬቷን አወለቅንላት። ባሕር ዛፍ ጥላው ሳሳ ያለ ነው፣ ግን ሌላ ጥላ የለም። ነጠላዋን ውሃ ነክረን አንገቷና ደረቷ ላይ አደረግን፤ እግሯን ቦርሳ ላይ ከፍ አድርገን በባርኔጣ አራገብናት።

ውሃውን ግን አልጠጣም አለች። ብንለምናትም እምቢ አለች። ጋሼ፣ «የታመመ ሰው ይጾማል ያለሽ ማነው? ንስሐ አባትሽን ጠይቂ» አሏት። ደግነቱ የረር ላይ ኔትወርክ አለ። ደወለች። አባ በስፒከር፣ «ጠጪ ልጄ፣ ሌላውን ስትመለሺ እንነጋገራለን» አሏት። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (ሰውነት ያጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠን ጥቂት በጥቂት ተጎነጨች። ወደ ጫፉ መውጣቱ ቀረ። ሲቀዘቅዝ ቀስ ብለን ወረድን።

በማግስቱ ቢሮ ስንነጋገር አንዱ የሚካኤል ሞዝሊን ነገር አነሳ። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ግሪክ ውስጥ ሲሚ ደሴት ለእረፍት ሄዶ፣ በጠራራ ፀሐይ ብቻውን በእግሩ ወጥቶ የሞተው የብሪታንያ የቴሌቪዥን ሰው። በሕክምና የተማረ፣ ስለ ጤና ሲመክር የኖረ ሰው ነው። የመጀመሪያ ሐሳባችን ለእንግዶች የምክር ወረቀት ማደል ነበር፤ ይህን ከሰማን በኋላ ግን ማወቅ ብቻውን አያድንም ብለን ተውነው።

አሁን እረፍት ላይ ጠርሙስ እናያለን፤ ያልተነካ ካለ ባለቤቱ ሳይጠጣ አንነሳም። ዝም ያለ ሰው ካለ ስለ ቤቱ እናስወራዋለን። ጉዞው የሚጀመረው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የመመዝገቢያ ቅጹ ላይም ስለ ጾም ጥያቄ ጨምረናል። አንዱ እንግዳ «ቅዳሴ ነው ተራራ የምትወስዱን?» ብሎ ተቆጥቷል፤ የግል ጉዳይ ነው ባይ ነው። እኔ ግን ሲመዘገቡ መጠየቁን አልተውኩም። በጾም ቀን የሚመጣ ካለ ቀኑን እንቀይርለታለን፣ ወይ መንገዱን እናሳጥራለን።

አለቃችንን ከሁሉም የከበደው የሰዓቱ ነገር ነው። ሆቴሉ በዚያ ሰዓት ቁርስ አያቀርብም። ስለዚህ ጋሼ ከሰፈራቸው ትኩስ አምባሻና ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ይመጣሉ፤ ሒሳቡንም በየሳምንቱ ሳያፍሩ ያስከፍሉናል።