ቻንስለር ሊሆኑ የሚመጡ ሰዎች ከየት ነው የሚመጡት? ሲቪያቸውን እንዴት እንዳየሁት

በዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ውስጥ አድቫይዘር ነኝ፣ ተማሪ ክላስ ማስያዝ፣ ትራንስፈር ማስጨረስ፣ ፋፍሳ (የፌደራል የትምህርት ዕርዳታ ፎርም) ያልሞላውን ማስሞላት ነው ውሎዬ፣ ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጠው ተማሪ ደሞ ብዙ ጊዜ የኛው ሰው ነው። ኮሌጁ አዲስ ፕሬዝዳንት ሊፈልግ ነው ሲባል ስታፍ ካውንስሉ "ምን ዓይነት ባክግራውንድ ያለው ሰው ትፈልጋላችሁ" የሚል ሰርቬይ በተነና መልሱን የማጠናቀር ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። አስተማሪዎቹ ክላስ ገብቶ ያላስተማረ ሰው ከመጣ ሞተን እንገኛለን አሉ፣ ፋይናንሶቹ በጀት የሚገባው ይሁን አሉ፣ ጥገና ክፍል ያሉት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ ደሞ "ልጄ ከየትም ይምጣ፣ የሚከርም ሰው ይሁን" ብለው በአንድ መስመር ጨረሱት። እኔን ሥራ ያስጀመረችኝ የሳቸው መልስ ናት፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ከየት መጣ የሚለውና ስንት ዓመት ቆየ የሚለው ይገናኛሉ ወይ ብሎ ሳያይ ነው ሁሉም የሚከራከረው።

የምንፈልገው የአንድ ኮሌጅ ፕሬዝዳንት ቢሆንም እኔ ያየሁት ሙሉ ሲስተም፣ ማለት ብዙ ኮሌጆችን ባንድ ላይ የመሩትን ነው፣ ቦታው እንደየስቴቱ ቻንስለር ወይ ፕሬዝዳንት ይባላል፣ የነሱ ታሪክ አደባባይ ላይ ነዋ ያለው፣ ሲሾሙ ቦርዱ መግለጫ ያወጣል፣ የአካባቢው ጋዜጣ ይከታተላቸዋል፣ ሲለቁም ዜና ነው። ቨርጂኒያ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ካሊፎርኒያ፣ ኬንታኪና ቺካጎን ያዝኩ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ስፕሬድሺቱ ላይ የመጀመሪያው ኮለም የሰው ስም አይደለም፣ ወንበሩ ምን ሥልጣን አለው የሚል ነው፣ እና እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ነው። ካሊፎርኒያ 116 ኮሌጅ አላት፣ በ73 ዲስትሪክት የተከፋፈሉ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዲስትሪክት ሕዝብ የመረጠው የራሱ ቦርድ አለው፣ ስለዚህ ሳክራሜንቶ የተቀመጠው ቻንስለር የአንዱን ኮሌጅ ፕሬዝዳንት ልቅጠር ላባርር ቢል አይችልም። ኖርዝ ካሮላይናም 58 ኮሌጅ አላት፣ እያንዳንዱ የራሱ ትረስቲዎች (የቦርድ አባላት) አሉት። ቨርጂኒያ ስትመጣ ነገሩ ይገለበጣል፣ 23ቱም ኮሌጆች አንድ ሲስተም ናቸው፣ አንድ ስቴት ቦርድ ነው ያለው፣ ፕሬዝዳንቶቹ ሪፖርት የሚያደርጉት ለቻንስለሩ ነው። ቺካጎ ደሞ 7 ኮሌጅ ሆኖ ቦርዱን ከንቲባው ነው የሚሾመው። እንግዲህ "ቻንስለር" የሚለው ስም አንድ ሆኖ አንዱ ጋ ሥራው ማዘዝ ነው፣ አንዱ ጋ መለመንና ማግባባት ነው። ይሄን ሳያዩ "ትልቅ ድርጅት መርቷል" የሚል ሲቪ ማንበብ ምንም አይነግርህም፣ አዝዞ የለመደ ሰው ማዘዝ የማይችልበት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ያ ልምዱ ምን ይፈይድለታል?

ቀጥሎ የሰዎቹን ሥራ ከኋላ ወደፊት መደርደር ጀመርኩ። መግለጫው ሁሌ የሚጮኸው የመጨረሻውን ሥራ ነው፣ እኔ ደሞ ከሱ በፊት ያለውንና የመጀመሪያውን ፈለግኩ። የካሊፎርኒያዋ ሶንያ ክርስቲያን ለምሳሌ በ2023 ስትሾም የከርን ዲስትሪክት ቻንስለር ነበረች፣ ወደኋላ ሲኬድ ግን ሕንድ ኬረላ የተወለደች፣ በ1991 ቤከርስፊልድ ኮሌጅ ማት አስተማሪ ሆና የገባች፣ ኦሪገን ሄዳ ሌን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሠራች፣ በ2013 ወደዛው ቤከርስፊልድ ፕሬዝዳንት ሆና የተመለሰች ሴት ናት። ክላስ ውስጥ የተጀመረ መንገድ ማለት ይሄ ነው። ግን እዛው ወንበር ላይ ከ2009 እስከ 2012 የተቀመጠው ጃክ ስኮት የኮሌጅ ፕሬዝዳንት ከነበረ በኋላ ስቴት ሴናተር ሆኖ ነው ቻንስለር የሆነው። አሁን እሱን የቱ ሳጥን ውስጥ ትከቱታላችሁ፣ አስተማሪ ወይስ ፖለቲከኛ? ሌጂስሌቸሩን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው መለመን ሥራው ለሆነ ወንበር እኮ መጥፎ አይደለም።

መጀመሪያ "አካዳሚክ፣ ቢዝነስ፣ ፖለቲካ" የሚሉ ሳጥኖች አስቀምጬ ነበር፣ ሰዎቹ አልገባ እያሉ አስቸገሩኝና ሰርዤ ተራ በተራ መጻፍ ሆነ። የኬንታኪው ራያን ኳርልስ የስቴቱ ግብርና ኮሚሽነር ነበር፣ በ2023 ለገቨርነርነት በሪፐብሊካን ፕራይመሪ ተወዳድሮ ተሸንፎ ጃንዋሪ 2024 ላይ 16 ኮሌጆች ያሉትን ሲስተም ተረከበ፣ ይሄን የሰማ ሁሉ "ምርጫ ሲሸነፍ ወንበር ተፈለገለት" ነው የሚለው፣ እኔም ስሰማ እንደዛ ነው ያልኩት፣ ሲቪው ላይ ግን የሕግ ዲግሪ አለ፣ ከቫንደርቢልት በሃየር ኤዱኬሽን ዶክትሬት አለ። ከሱ የባሰው ደሞ ራስል ካቫልሁና ነው። ሰውዬው የአየር መንገድ ፓይለት ነበር፣ ከዛ ሕግ ተማረ፣ የፌደራል አቃቤ ሕግ ሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የበረራ ትምህርት ክፍል ኦፕሬሽን መራ፣ ከዛ ዲርቦርን ሚሺጋን ያለውን ሄንሪ ፎርድ ኮሌጅ ፕሬዝዳንት ሆኖ ያዘ። ምን ትሉታላችሁ እሱን?

የካቫልሁናን ታሪክ ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም እኛ ሰፈር ነው የተፈጠረው። ቨርጂኒያን ግሌን ዱቧ ከ2001 እስከ 2022 ነበር የመራት፣ ከኒው ሃምፕሻየር ሲስተም የመጣ ሰው፣ ሃያ ምናምን ዓመት፣ ጋሼ የሚወዱት ዓይነት። እሱ ሊወጣ ሲል ቦርዱ በ2022 ካቫልሁናን መረጠ፣ አዲስ የገባው ገቨርነር ያንግኪን ደሞ ምርጫው ላይ የኔም ድምፅ ይኑርበት እያለ ነበር፣ ጋዜጣው በዚህ ተሞልቶ ሰነበተ፣ በመጨረሻ ሰውዬው ሥራ ሳይጀምር ሐሳቡን ለወጠና እዛው ሚሺጋን እቀራለሁ አለ። ውስጥ የነበረችው ሻሮን ሞሪሴ ኢንተሪም (ጊዜያዊ ቻንስለር) ሆነች፣ ኤፕሪል 2023 ላይ ከአሪዞና ፒማ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዴቪድ ዶሬ መጣ። እዚህ ጋ ስደርስ "ማን ነው የፈለገው" የሚል ኮለም ጨመርኩ። ቦርዱ ብቻ ነው? ገቨርነሩ አለበት? ከንቲባው ነው? ፋከልቲው ኢንተርቪው ላይ ነበር ወይስ ስሙን ከዜና ነው የሰማው?

ኖርዝ ካሮላይና ላይ ደሞ በቃ ትምህርት ቤት ነው የገባሁት ማለት ይቻላል። ስኮት ራልስ ከ2008 እስከ 2015 መራ፣ ከሱ በፊት እዛው ስቴት ክሬቨን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ፕሬዝዳንት ነበር፣ ከዛ ወደኛ ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) መጣ። በ2016 የተተካው ጄምስ ዊሊያምሰን የጎረቤቱን የሳውዝ ካሮላይናን ቴክኒካል ኮሌጆች ሲስተም ሲመራ የነበረ ነው፣ ማለትም በትክክል ያንኑ ሥራ ሠርቶ የመጣ፣ ወረቀት ላይ ብቻ ቢሆን እኔ ራሴ ዓይኔን ሳላሽ የምመርጠው ሰው፣ ከአንድ ዓመት ብዙም ሳያልፍ ወጣ። ቀጥሎ ፒተር ሃንስ፣ የዩኒቨርሲቲ ሲስተሙን ቦርድ በሊቀመንበርነት የመራ የፖለቲካውን ዓለም የሚያውቅ ሰው፣ በ2018 ገብቶ በ2020 ራሱን የዩኒቨርሲቲ ሲስተሙን ሊመራ ሄደ። ከዛ ቶማስ ስቲዝ፣ የገቨርነር ማክሮሪ ቺፍ ኦፍ ስታፍ የነበረ፣ ከ2021 መጀመሪያ እስከ ጁላይ 2022። በመሀል ኢንተሪሞች አሉ። በ2023 ጄፍ ኮክስ መጣ፣ ዊልክስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን የመራ፣ ከሱ በፊት የአንድ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ሱፐርኢንቴንደንት የነበረ። እንግዲህ ቁጠሩ፣ ሲስተም የመራም ቶሎ ወጥቷል፣ ከፖለቲካ የመጣም ቶሎ ወጥቷል፣ ሲሳካለትም ደሞ ተነጥቆ ሄዷል። ባክግራውንድ ብቻውን ዕድሜ አይሰጥም ማለት ነው፣ ቢያንስ እዛ።

ቺካጎ ላይ ሁለት ከውጪ የመጡ ሰዎች ተከታትለዋል። ሼሪል ሃይማን ከመብራት ኩባንያው ከኮምኤድ ኃላፊዎች አንዷ ነበረች፣ በ2010 ስትገባ የተመራቂው መጠን 7 ፐርሰንት ነበር፣ ስትወጣ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ግን በመሀል በ2016 ፋከልቲው እምነት የለንም ብሎ ድምፅ ሰጥቶባታል። በ2017 የተተካው ሁዋን ሳልጋዶ ከኖንፕሮፊት ነው የመጣው፣ ኢንስቲቱቶ ዴል ፕሮግሬሶ ላቲኖን ሲመራ የነበረ፣ በ2015 ማክአርተር ፌሎው የሚባለውን ትልቅ ሽልማት ያገኘ። ሁለቱም ራሳቸው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምረዋል፣ እሷ እንደውም ከራሱ ከሲስተሙ ኦሊቭ ሃርቪ ኮሌጅ ነው የወጣችው። "የኛን ተማሪ አያውቅም" የሚለው ክስ ከውጪ በመጣ ሰው ላይ ሁሉ አይሠራም፣ የትምህርት መስመሩንም ከላይ እስከ ታች ማንበብ ነው።

ሲቪው ላይ ያሉትን ቁጥሮች እንዴት እንዳየኋቸው ልንገራችሁ፣ ይሄኛው ለማንም ይጠቅማል። መግለጫ ላይ ሁሉም ሰው ትራንስፎርሜሽናል ሊደር ነው፣ ሁሉም ኢንሮልመንት (የተመዘገበ ተማሪ ቁጥር) ጨምሯል። የፌደራል ዕርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ቁጥሩን ለትምህርት ሚኒስቴሩ ያስገባል፣ አይፔድስ የሚባለው ዳታ ነው፣ ኮሌጅ ናቪጌተር ላይ ገብታችሁ ስሙን ስትጽፉ በነፃ ይመጣል። ሦስት ነገር አየሁ። ያነፃፀረው ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ነው? ከ2020 ወይ ከ2021 ከጀመረ ኮቪድ ጉድጓድ ውስጥ ከከተተው ነው የጀመረው፣ ከዛ በኋላ ማንም ቢመራው ሊጨምር ይችላል። ጭማሪው ማን ነው? ሃይስኩል ሆነው ዱዋል ኢንሮልመንት (የኮሌጅ ክላስ) የሚወስዱ ልጆች በብዙ ስቴት ትልቅ ድርሻ እየያዙ ነው፣ እነሱ ሲቀነሱ ማታ ማታ የሚማረው ሠራተኛ ተማሪ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ ማለት የኔ ተማሪ፣ ኡበር ነድቶ አመሻሽ ላይ ክላስ የሚገባው። ሦስተኛው ጊዜው ነው፣ ሰውዬው ጁላይ ላይ ገብቶ የዛው ዓመት የፎል ቁጥር የኔ ነው ካለ አይደለም፣ ከሱ በፊት የነበረው ሰው ሥራ ነው። ግሶቹንም አስተውሉ፣ "መራ" እና "ተሳተፈ" አንድ አይደሉም፣ "የ200 ሚሊዮን ዶላር በጀት ቁጥጥር ላይ ሚና ነበረው" ማለት ስብሰባው ላይ ተቀምጧል ማለትም ሊሆን ይችላል። ሊንክዲንን መጨረሻ ላይ ነው ያየሁት፣ እዛ ላይ የሚጎድል ዓመት ካለ የድሮ ኮሌጁን የቦርድ ቃለ ጉባኤ ፈልጉ፣ የመንግሥት ኮሌጅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፣ ኮንትራት ማራዘምም አለማራዘምም እዛ ይጻፋል።

ካውንስሉ ያዘጋጀሁትን ካየ በኋላ "አስተማሪ ይሁን፣ ቢዝነስ ይሁን" የሚለውን ትተን ጥያቄ አስገባን። ለመጨረሻው ዙር ያለፉት ፋይናሊስቶች ሠራተኛው ፊት በቀረቡበት ፎረም ላይ አንዱ ተማሪ ጨመርኩ ሲል ጋሼ ማይኩን ይዘው "ይቅርታ፣ የሃይስኩሎቹ ልጆች ሲወጡስ ስንት ይቀራል?" አሉት፣ ሰውዬው ዝም ብሎ ትንሽ ካሰበ በኋላ "ያኔ ቀንሷል፣ የማታውን ፕሮግራም ለመመለስ ያደረግነውን ልንገራችሁ" ብሎ የሠራውን በየሴሚስተሩ ዘረዘረው፣ ያልሠራለትንም ጨምሮ። ሌላኛዋ ፋይናሊስት ሲቪዋ ከሱ ይበልጥ ነበር፣ ለተመሳሳይ ጥያቄ ስለ ራዕይ ነው ያወራችው። ክፍሉ ውስጥ ማን እንደተወደደ ለማወቅ ድምፅ መቁጠር አያስፈልግም ነበር።

እናንተም ጋ ሰርች (የአዲስ መሪ ፍለጋ) ካለ ሰንጠረዡን ስም ሳይወጣ በፊት ሥሩት፣ ፋይናሊስቶቹ ይፋ ከሆኑ በኋላ እስከ ፎረሙ ያለው ጊዜ ስም ጉግል ለማድረግ እንኳን አይበቃም። ወንበሩ ምን ሥልጣን አለው የሚለውን ኮለም ቀድማችሁ ሙሉት፣ እሱ ከተሞላ የቀረው በየሰዉ የአንድ ማታ ሥራ ነው። ጥያቄያችሁ ደሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ትሁን፣ ካርድ ላይ ረዘም አድርጋችሁ ከጻፋችሁ ሞደሬተሩ አሳጥሮ ያነበዋል፣ ሲያሳጥር የሚቆርጠው ደሞ ሁሌ ቁጥሩን ነው።