የልቦቹ ግድግዳ

ዛሬ ለንደን ውስጥ ከሥራ ስመለስ የዌስትሚኒስተርን ድልድይ ተሻግሬ በኮቪድ መታሰቢያው ግድግዳ በኩል አለፍኩ። ከፓርላማው ፊት ለፊት ነው፣ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ። በኮቪድ ለሞተ ሰው ሁሉ አንድ ቀይ ልብ ተስሏል። አንዲት እናት ተንበርክከው ቀለሙ የለቀቀ ልብ በብሩሽ ያድሳሉ። ሳያቸው ንዴቴ አገረሸብኝ።

2020 ላይ እኮ እኛ ሐበሾች ለቅሶ መድረስ እንኳን አልቻልንም። የጎረቤታችንን ቀብር በስልክ ነው የተከታተልነው፤ ልጆቻቸው ተራርቀው ቆመው፣ የሚያቅፋቸው ሰው አጥተው። ድንኳን የለ፣ ሳልስት የለ። ሕግ ነው ተባልን፣ አከበርን። ለካ ሕጉን ያወጡት በዚያው ሰሞን በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት፣ ዳውኒንግ ስትሪት ውስጥ ሰብሰብ ብለው ይጠጡ ነበር! ፖሊስ 126 ቅጣት ጻፈ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ቦሪስ ጆንሰንም ተቀጣ፣ 50 ፓውንድ። በቃ።

የብሪታንያን የኮቪድ አያያዝ የሚመረምረው አጣሪ ኮሚሽን በ2025 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ አገሩ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢዘጋ ኖሮ በመጀመሪያው ማዕበል እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ወደ 23,000 ሰው ሊተርፍ ይችል ነበር ይላል። 23,000 ሰው! ይቅርታ ብቻ አይበቃም። ማን ምን እንደወሰነ፣ ለምን እንደዘገየ፣ በስሙ ተጠርቶ ይጠየቅ።