ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፦ ያልተዘራውን ፍለጋ

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ የመጣሁት ለአንድ የሰነድ ጉዳይ ነበር። ጉዳዩ በተለመደው አኳኋን ለማግስቱ ስለ ተቀጠረ፣ ጳጉሜን 4 ቀን ሙሉውን በእጄ ቀረ፤ እኔም ቀኑን ሻይ ቤት ከምጨርሰው ብዬ ከአራት ኪሎ ተነሥቼ በአምስት ኪሎ በኩል እስከ ስድስት ኪሎ በእግሬ ለመውጣት ወሰንሁ።

ከሚያዝያ 27 አደባባይ ፈቀቅ እንዳልሁ በእግረኛ መንገዱ ዳር በላስቲክ ላይ የተዘረጋ ገበያ አገኘሁ። እርጥብ ቄጠማ በነዶ፣ አደይ አበባ በእቅፍ፣ ከጎናቸውም ለሻይና ለበርበሬ የሚሆን ጦስኝ ተደርድሯል። የበዓሉ ጤፍ ከገበሬ፣ ዶሮውም ከአርቢ ይመጣል፤ ቤቱን የበዓል ቤት የሚያደርጉት ቄጠማና አደይ ግን ማንም አልዘራቸውም፣ ማንም አልኮተኮታቸውም። ሻጯ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ።

«እማማ፣ ቄጠማውን ከየት ያመጡታል?»

«ከሱሉልታ ረግረግ ነው ልጄ። ዱሮ እዚሁ ቀበና ወንዝ ዳር እናጭድ ነበር፤ አሁን ዳሩ ግንብ ሆነ፣ ውሃውም እንዳየኸው ነው።»

ዓይኔ ግን ጦስኙ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ጦስኝ የእኛ አገር፣ የደጋው ሰው ቅጠል ነው። አንዱን እስር አንሥቼ ሳገላብጠው ከነሥሩ የተነቀለ ሆኖ አገኘሁት፤ አፈሩ እንኳ አልረገፈም። እናቴ ከጣርማ በር ተዳፋት ላይ ጦስኝ ስታመጣ ጫፍ ጫፉን በጥፍሯ ትቀነጥስ ነበር እንጂ ስትነቅል አይቻት አላውቅም። ምክንያቱን ጠይቄያትም አላውቅም፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቦታ ተመልሳ እንደምትሄድ ግን አውቅ ነበር። ነጋዴው ከነሥሩ የሚያመጣው ቶሎ እንዳይጠወልግ፣ ለሚዛንም እንዲረዳው መሆኑን እማማ ነገሩኝ። ለቤት የሚለቅምና ለገበያ የሚለቅም ሰው አንድን ተክል በሁለት ዓይን እንደሚያዩት የዚያን ዕለት በእጄ ዳሰስሁት።

ዳገቱን ስወጣ ዝናቡ ማካፋት ጀመረ፤ እኔም ስለዚሁ ነገር ሳሰላስል አማርኛችን ለለቀማ ያለውን የቃል ብዛት መቁጠር ያዝሁ። ፍሬና ጭራሮ ይለቀማሉ፤ አበባ ይቀጠፋል፤ ቅጠል ይሸመጠጣል፤ ሥር ይማሳል፤ ማር ይቆረጣል፤ ከአጨዳ በኋላ በማሳው የወደቀው እህል ይቃረማል። በእርሻ የተተከለ ቡና እንኳ ሲደርስ የምንለው «ለቀማ» ነው፤ ወሬም ሳይቀር ይቃረማል። አርሶ የኖረ ሕዝብ ቋንቋ ይህን ሁሉ ቃል ማስቀመጡ እርሻው ብቻውን አጥግቦት እንደማያውቅ ይነግረኛል። እኔ ራሴ ሐምሌ ላይ ጎተራ ሲጎድል ሳማ በልቼ አድጌያለሁ። ሳማ የሚለቀመው ለጋ ሳለ ነው፤ እጅን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጫፉን ብቻ ቆርጦ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ሲቀቀል መለብለቡን ይተዋል፣ ከጥቂት ዱቄት ጋር ተማስሎም ወጥ ይሆናል። ከተማ ገብተን ደመወዝ መብላት ከጀመርን በኋላ «ሳማ በላን» ማለት ስለሚያሳፍረን ዝም አልን እንጂ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ብዙዎች የሚመጡት ለድንቅነሽ ነው፤ እኔም ለእርሷ ገባሁ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ይህች ፍጡር 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረች ስትሆን፣ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል፤ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይዘልም። ለእይታ የቀረበው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት በጥብቅ ተቀምጧል። በዚያው 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያላት አርዲ፣ በዲኪካ የተገኘችው ሕፃን ሰላምም አሉ። ተመራማሪዎች በጥርስ ውስጥ የቀረውን የካርቦን ዓይነት በመለካት የጥንት ፍጥረታትን ምግብ ይለያሉ፤ በዚህ መንገድ አርዲ በዋናነት ከዛፍና ከቁጥቋጦ አካባቢ እንደበላች፣ የድንቅነሽ ወገኖች ግን በዚያ ላይ ከሣርና ከቄጠማ ወገን የሚገኝ ምግብ፣ ምናልባትም እነዚያን ከሚበሉ እንስሳት ጭምር፣ እንደጨመሩ ታውቋል። ቄጠማ! ከግማሽ ሰዓት በፊት በነዶ ሲሸጥ ያየሁት ነገር በመስታወት ውስጥ ባለው ጥርስ ታሪክ ላይ ተጽፎ ሳገኘው ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ጥበቃውም ዞር ብሎ አየኝ።

ከአጠገቤ አንድ አባት ለልጃቸው «ያኔ ሥራ የለም፤ ፍሬ ሸምጥጦ መተኛት ነው» እያሉ ያስረዱ ነበር። እንግዳ ሆኜ የሰው ትምህርት ማቋረጥ ስላልወደድሁ ዝም አልሁ፤ እዚህ ግን እናገራለሁ። በአፋር ጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ ናቸው፤ ምግብ ፍለጋው የትኛው ድንጋይ እንዴት ሲመታ ስለት እንደሚያወጣ ማወቅን ጠይቋል ማለት ነው። እዚያው አፋር ውስጥ በኸርቶ የተገኙት የእኛው ዝርያ ሰዎች 160,000 ዓመት ገደማ አላቸው፤ እርሻ በዓለም ላይ ከተጀመረ ደግሞ ከ12,000 ዓመት አይበልጥም። ከኸርቶ እስከ እኛ ያለውን ዘመን ብናሰላው የእርሻው ድርሻ ከአሥር እጅ አንዱን አይሞላም። በተረፈው ዘመን ሁሉ ሰውን ያኖረው የትኛው ሥር እንደሚመር፣ የትኛው እንጉዳይ እንደሚገድል፣ የትኛው ፍሬ ከየትኛው ዝናብ በኋላ እንደሚበስል ማወቁ ነው። ይህን መማር እንደ እኔ ላለ አስተማሪ ከባድ ትምህርት ይመስለኛል።

ማሩን ብቻ እንውሰድ። በአፍሪካ ሰውን ወደ ንብ ጎጆ የምትመራ ወፍ አለች፤ ሰው ማሩን ይቆርጣል፣ እርሷ ሰፈፉን ትበላለች። በሰሜን ኬንያ በቦረናዎች ዘንድ ተካሂዶ በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በማያውቁት አገር አንድ የንብ ጎጆ ለማግኘት ያለ ወፏ በአማካይ 8.9 ሰዓት፣ ከወፏ ጋር ግን 3.2 ሰዓት እንደሚፈጅ ለክቷል። ወፏ አልተገራችም፣ አልታሠረችም፤ ከሰው ጋር ግን ትስማማለች።

ስድስት ኪሎ ስደርስ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን ያሰናዳው በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል፣ ከልደት እስከ ሞት ነው፤ አሰናዳዱን ወደድሁት፣ ስለ ለቀማ ያሰብሁትን ያህል ግን አላገኘሁበትም፤ ወይም ደክሞኝ አላስተዋልሁም።

ስወጣ ከእንጦጦ በኩል የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ወገባቸው ጎብጦ ሲወርዱ አየሁ። ያ ቅጠል የሚሄደው ከምጣድ ሥር ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከተማዋ ማገዶ አልቆባት ስትቸገር ከውጭ የገባ ዛፍ ነው፤ ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን አልደበቀም። ዛፉ መጤ ሲሆን ለቀማው ግን ነባር ነው፤ ሸክሙም እንደ ወትሮው የወደቀው በሴቶቹ ላይ ነው። ያደርሁበት ክፍል ወደ ቀበና የሚያይ ስለነበር ሌሊት የጅብ ድምፅ ሰማሁ፤ እርሱም ከቆሻሻ ገንዳው የድርሻውን ሊለቅም ከጎድጓዳው መውጣቱ ነው።

በማግስቱ ጉዳዬ ሲያልቅ ወደ እማማ ተመለስሁ። የጦስኙን ነገር አንሥቼ የመጣሁበትን አገር ብነግራቸው፣ ከነዶው መካከል ሥራቸው ያልደረቀውን አራት አምስት መርጠው በእርጥብ ቄጠማ ጠቀለሉልኝ።

«እንካ፣ ወስደህ ትከለው፤ ከያዘ ከያዘ ነው።»

ሂሳቡን አልቀበል ስላሉኝ አንድ ነዶ ቄጠማ ጨምሬ ገዛሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ሽታው ሁሉን አዳረሰው፤ ከኋላዬ የተቀመጡ ሴት ትከሻዬን ነካ አድርገው «ወንድሜ፣ ጦስኙን በስንት ገዛኸው?» አሉኝ።